ከወተት ጋር የማይስማማው መድኃኒት

የአማቴን ደረት ያዳመጥኩት በመጋረጃ በኩል ነው። እሳቸው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፤ በመካከላችን አበባ አበባ ያለበት ጨርቅ ተንጠልጥሏል። የማዳመጫውን ሁለት ጫፍ ጆሮዬ ላይ ሰክቻለሁ። ጎማው በመጋረጃው ጠርዝ ሾልኮ ይገባና ሌላውን ጫፍ ባለቤቴ ይዛ በእናቷ ደረት ላይ ታዟዙረዋለች። ጎማው አጭር ስለነበር ጉንጬን ከጨርቁ ጋር አጣብቄ፣ ግማሽ ተንበርክኬ፣ «ትንሽ ዝቅ አድርጊው፤ አሁን ወደ ጀርባ፤ በረዥሙ ይተንፍሱ በያቸው» እላለሁ። እሷም በኦሮምኛ ታቀብላለች። እንዲህ አድርጎ በሽተኛ መመርመርን ማንም አላስተማረኝም።

ነገሩ ወግ ነው። በባለቤቴ ወገኖች ዘንድ አማት ከልጇ ባል ጋር ፊት ለፊት አትተያይም፤ ስሙን አትጠራም፤ በቀጥታም አታናግረውም። ቃል ካለ በሦስተኛ ሰው በኩል ይተላለፋል። እኔ ያደግሁት አሰበ ተፈሪ ነው፤ ኦሮምኛም እሰማለሁ። እኛ ከተሜዎቹ ይህንን ሁሉ ቀለል አድርገነዋል፤ አማትና አማች አብረው ቁጭ ብለው ሲሳሳቁ እያየሁ ነው ያደግሁት። የሚኤሶዋ አማቴ ግን ወጋቸውን አጥባቂ ነበሩ። ከሠርጋችን ጀምሮ እሳቸው ከእኔ የሚያውቁት ድምፄንና ጫማዬን ነው። ጫማዬ በራቸው ላይ ሲወልቅ ካዩ መጋረጃው ይወርዳል። ባለቤቴ «ሌላ ሰው ጫማህን አድርጎ ቢመጣ እናቴ ባሌ መለወጡን አታውቅም» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ይሁን እንጂ ይወዱኝ ነበር። መውደዳቸውን የማውቀው በሚልኩት ወተት ነው። ከብቱ በደህናው ጊዜ ወደ አሰበ ተፈሪ የሚወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ሁሉ የእሳቸው መልእክተኛ ነበር። እርጎ፣ ቅቤ፣ የግመል ወተት በዕቃ ታስሮ የምሠራበት ጤና ጣቢያ በር ላይ ይደርሰኛል። «ለልጄ ባል» ከማለት ሌላ ቃል አይልኩም። የሥራ ባልደረቦቼ «ያንተ አማትስ አማት ናቸው» ብለው ይቀኑብኝ ነበር፤ እኔም ሳልደብቅ እኮራ ነበር።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲመጣ ወተቱ ቀረ። ሚኤሶ ቆላ ናት። ዝናብ ከቀረ ማሽላው አገዳው ላይ ይደርቃል፣ ከብቱም በየመንገዱ ይወድቃል። አማቴ የነበሯቸው ላሞች አንድ በአንድ አለቁ። በዚያ ዓመት አንድ ጠዋት ከሚኤሶ የመጣ ሾፌር ጤና ጣቢያ ድረስ መጥቶ «አማትህ ጎናቸውን ይዘው ተኝተዋል፤ ትንፋሽ አጥሯቸዋል፣ ልጄን ጥሩልኝ ብለዋል» አለኝ። እኔም ከኃላፊዬ ፈቃድ ተቀብዬ፣ ባለቤቴም ያለቀሰችበትን ፊቷን ሳትታጠብ፣ በዚያው መኪና ቁልቁል ወረድን።

እንግዲህ ማዳመጫውን በመጋረጃ ሥር ያሳለፍኩት ያን ዕለት ነው። በቀኝ በኩል፣ ከሳንባው ታችኛ ክፍል፣ ጨው እሳት ላይ ሲንጣጣ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። አተነፋፈሳቸው ቶሎ ቶሎ ነበር። ባለቤቴ ያሳየችኝ አክታ ዝገት የነካው ይመስላል። ትኩሳታቸው በመጋረጃው አልፎ የሚሰማኝ መሰለኝ። የሳንባ ምች ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ አገሬው «ምች መታኝ» ብሎ ቅጠል ጨምቆ የሚድንበት ዓይነት ግን አይደለም። ሰው እያየነው የሚሄድበት በሽታ ነው።

«አሰበ ተፈሪ እናውጣቸው» አልኩ።

ባለቤቴ መጋረጃው ውስጥ ገብታ ተነጋገሩና ተመለሰች። «አትችልም። መኪናው ላይ እሞታለሁ ነው የምትለው። ደግሞም ብሞት እዚሁ ቤቴ ልሙት፣ ዳገት ላይ አትቅበሩኝ ትላለች።»

ትንፋሻቸውን ስሰማው እሳቸውም እውነት አላቸው። ያ ጠመዝማዛ መንገድ ጤነኛውንም ያስመልሳል። መድኃኒቱን እኔ ላምጣላቸው ብዬ በማግስቱ ብቻዬን ሽቅብ ተመለስኩ።

ጤና ጣቢያው የመድኃኒት መደርደሪያ ፊት ቆሜ ያሰብኩትን ዛሬም አስታውሳለሁ። በዚያን ጊዜ ለሳንባ ምች እጃችን ላይ የነበረው ብዙ አልነበረም፤ እያንዳንዱም የራሱ ጠባይ ነበረው። አገሬው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የፔኒሲሊን መርፌ ነበር። አሰበ ተፈሪ ሰው መርፌ ካልተወጋ ታክሜያለሁ አይልም፤ ኪኒን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው «አባረሩኝ» ብሎ ያማል። በአፍ ከሚወሰዱት ደግሞ ቀይና ጥቁሩ አምፒሲሊን ስሙ ገንኖ ነበር። ሲገኝ ነው እንጂ፤ ብዙውን ጊዜ አይገኝም። እነዚህ ሁለቱ ለአማቴ አይሆኑም። አንድ ጊዜ ሂርና ዘመድ ጥየቃ ሄደው እግራቸው ቆስሎ ፔኒሲሊን ተወግተው፣ ፊታቸው አብጦ፣ ጉሮሯቸው ተዘግቶ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሱት። አምፒሲሊንም የፔኒሲሊን የሥጋ ዘመድ ነው፤ አንዱ የጠላውን ሰው ሌላውም አይምረውም።

ነጩ የሰልፋ ኪኒን ነበረ። ለደረት ጥሩ ነው፤ ግን ውሃ ይፈልጋል፤ ብዙ ውሃ። ያለ ውሃ ከተወሰደ ኩላሊት ይጎዳል። ሚኤሶ ላይ በዚያ ድርቅ በሽተኛ ብዙ ውሃ ይጠጣ ማለት ቀልድ ነው። ክሎራምፌኒኮል ነበረ፤ ብርቱ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን አንዳንዱን ሰው ደሙን ይደመስስበታል እየተባለ ስለሚፈራ ለታይፎይድ ነው ያስቀመጥነው፤ ኃላፊዬም «ሌላ እያለ እሱን አትንካ» አለኝ። የቀረው ቢጫና ቀዩ ቴትራሳይክሊን ነው። እሱ ሞልቶናል። ሰው በየሱቁም ይገዛዋል፤ ካፕሱሉን ፈትቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ ይነሰንሰዋል። ለሳንባ ምችም በወቅቱ ሲወሰድ ይሠራል። አንድ አመል ብቻ ነበረው፤ ከወተት ጋር አይስማማም። ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ይይዘውና ተያይዘው ሆድ ውስጥ ያልፋሉ፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሆድ ባዶ ሲሆን፣ በውሃ ነው የሚዋጠው።

ካፕሱሉን ይዤ ወረድኩ። ለባለቤቴ «ምግብ ሳይቀድመው፣ በውሃ» ብዬ፣ ደግሜ፣ ሰልሼም ነግሬያት፣ እሷን እዚያ ትቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እዚህ አሰበ ተፈሪ ሆኜ በየዕለቱ ከሚኤሶ የሚመጣውን መኪና እየጠበቅሁ ሾፌሩን እጠይቃለሁ። «እንዴት ናቸው?» «ያው ናቸው።» ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላም ያው ናቸው። በዚህ መድኃኒት እስካሁን ትኩሳቱ መብረድ ነበረበት። እንደገና ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ።

ጫማዬን ሳወልቅ መጋረጃው ወረደ፤ ነገር ግን በባለቤቴ እጅ ነበር የወረደው። እሳቸው እጃቸውን ማንሳት አቅቷቸዋል። በመጋረጃው በኩል ትንፋሻቸው ከፊተኛው ይልቅ አጥሮ ሰማሁት። ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይቶ ጎረቤታቸው መጣች። ባሏ ከቀሩት ግመሎች ጋር ሣር ፍለጋ ርቆ የሄደ፣ ትንንሽ ልጆች ያሏት ሴት ናት። ለእሷ በቤቷ የቀረችላት አንዲት የምትታለብ ግመል ናት። «አሰላሙ አለይኩም፤ አዮ እንዴት አደሩ?» ብላ ወደ መጋረጃው ውስጥ ገባች። አዮ እዚያ አገር እናት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ አማቴን አዮ ነበር የሚላቸው። እሷ ከገባች በኋላ የታጠነ ጮጮ ሽታ መጣ። ወተት የሚያዝበት ያ ዕቃ በጢስ ስለሚታጠን ሽታው ከሩቅ ይታወቃል። ወዲያው ከጮጮው ወደ ኩባያ ሲቀዳ ሰማሁ። ባለቤቴ «አዮ፣ መድኃኒትሽን» አለች። «ቢስሚላህ» ብለው ዋጡ።

ደሜ ፈላ። እኔ ድሮም ቁጡ ነኝ፤ ያን ዕለት ግን ጎረቤቲቱ እስክትወጣ ድረስ ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። ከዚያ ባለቤቴን ወደ ውጭ ጠራኋት።

«በምንድን ነው የምታስውጫቸው?»

«በወተት።»

«በውሃ አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ውሃውን አይተኸዋል? የጉድጓዱ ውሃ ጨው ነው፤ ስትውጥበት ወዲያው ታስመልሰዋለች። መድኃኒቱ ደግሞ ሆዷን ያቃጥላታል። እህል አይገባላትም። ምግብ ሳይቀድመው አልክ፤ ወተት ምግብ ነው እንዴ? መጠጥ አይደለም? ደግሞስ እዚህ አገር ለታመመ ሰው ውሃ ብቻ የሚሰጥ ማን አለ? ጠላትም አይሰጥም!»

ምን እላታለሁ? በሚኤሶ ደንብ ለታማሚ ወተት ይዞ መግባት ጥየቃ ነው፤ በባዶ እጅ መግባት ነውር ነው፤ የመጣልህንም ወተት በአመጣው ሰው ፊት ትጠጣለህ፤ አስቀምጠው፣ በኋላ እጠጣዋለሁ አይባልም። እያንዳንዱ ጠያቂ ከግመሉ፣ ከፍየሉ የተገኘችውን ጭላጭ ይዞ ይመጣል። እሳቸውም ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ሲጎነጩ ይውላሉ። ወተቱ ሆዳቸው ውስጥ የሌለበት ሰዓት የለም። መድኃኒቱ ወደ ሳንባቸው የሚደርስበት መንገድ በፍቅር ተዘግቷል።

ለባለቤቴ ነገሩን አስረዳኋት። «መድኃኒቱ ሥራውን እንዲሠራ ወተት ማቆም አለባቸው፤ እስኪጨርሱት ድረስ ብቻ። ውሃውን ከባቡር ጣቢያው እናስቀዳለን፤ እሱ ጣፋጭ ነው። የማሽላ አጥሚት በመካከል ትሰጫቸዋለሽ። ሌላ መድኃኒት የለኝም፤ ይህ ካልሠራ…» አልጨረስኩትም። እሷም እንድጨርሰው አልፈለገችም።

ገብታ ነገረቻቸው። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ እሰማ ነበር። አማቴ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ ቃሉን እየቆራረጡ እንዲህ አሉ፦

«ባልሽን አላህ ይስጠው በይው። ተንከራተተልኝ። ግን ያቺ ልጅ ከልጆቿ አፍ ነጥላ ነው የምታመጣልኝ። ልጆቿን አይተሻቸዋል? አልፈልግም ብዬ ልመልስባት? ወተትሽ ይገድለኛል ልበላት? እንዲህ ብዬ ብድን በምን ዓይኔ ላያት ነው? እሷን አሳፍሬ ከምነሳ ተከብሬ ብሄድ ይሻለኛል።»

ባለቤቴ «አዮ፣ እኔስ?» አለች። «እኔን አታስቢልኝም?»



ወጥቼ የእሾህ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። ሰው ለጎረቤት ክብር ብሎ ይሞታል? ብዬ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ወዲያው ደግሞ እኔ የበላሁት ቅቤ፣ የጠጣሁት እርጎ ትዝ አለኝ። እኚህ ሴት ሰው የሰጣቸውን መመለስ አያውቁም፤ ለሰው መስጠትንም አያቆሙም። ይህን ጠባያቸውን ስወድላቸው ኖሬ አሁን ሲገድላቸው ለምን ይገርመኛል?

ባለቤቴ ሻሿን አስተካክላ ከቤት ወጣች። «ወዴት ነሽ?» አልኳት። «ጎረቤት» አለች። እኔ መከልከልም ማበረታታትም አልቻልኩም። እናቷ ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሏት ሁለታችንም እናውቃለን። ሄደች። ከሩቅ ሁለቱ ሴቶች በደጃፉ ተቀምጠው ሲያወሩ አየሁ። ባለቤቴ አቀርቅራለች። ጎረቤቲቱ አንድ ጊዜ እጇን በአፏ ላይ ስትጭን አየሁ። ልጆቹ በዙሪያቸው ይጫወታሉ፤ እውነትም ከስተዋል፤ ሆዳቸው ብቻ ይታያል።

ባለቤቴ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «ምን አለችሽ?»

«ምንም አላለችኝም።»

«እንዴት ምንም? ተቀይማ ነው?»

«እኔ እንጃ። ነገርኳት፤ ሰማችኝ፤ ተነስታ ገባች።»

ክፉ ነገር ነው የገባኝ። እዚያ አገር ዝምታ ከስድብ ይከፋል። በዚህ ላይ የሚቀጥለው ካፕሱል ሰዓቱ እየደረሰ ነበር፤ ከባቡር ጣቢያውም ውሃ የሚያመጣ ሰው ልኬ ገና አልተመለሰም።

እየጠበቅን ሳለ ጎረቤቲቱ ራሷ በሩ ላይ ደረሰች። ላብ በላብ ሆናለች። እጇ ላይ ያ ጮጮ አለ። «አሰላሙ አለይኩም፤ አዮ እንዴት ዋሉ?» እንደ ሁልጊዜው። የጮጮው ጢስ ሽታ እንደ ሁልጊዜው ቤቱን ሞላው። እንደ ሁልጊዜው መጋረጃው ውስጥ ገባች።

አበቃ አልኩ። ወይ ባለቤቴ ልቧ አልቻለም፣ ደፍራ አልነገረቻትም፤ ወይ ሴትዮዋ ተቀይማ «እንዲህ ካላችሁ እንግዲያው በግድ አጠጣቸዋለሁ» ብላለች። ተነሳሁ። መጋረጃው ፊት ቆምኩ። ወጉ ይሁን ምን ይሁን ግድ አልሰጠኝም፤ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከጮጮው ወደ ኩባያ ሲቀዳ ሰማሁ።

ያኔ ከመጋረጃው ጠርዝ አንድ እጅ ወጣ። የባለቤቴ እጅ ነው። ኩባያውን ይዛ ወደ እኔ ዘረጋችው፤ እንዳየው ብቻ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። እስከ ኩባያው ታች ድረስ ይታያል። ውሃ ነው። ንጹሕ፣ ጥርት ያለ፣ የባቡር ጣቢያው ውሃ። እጁ ተመልሶ ገባ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በኋላ እንደሰማሁት፣ ባለቤቴ ከእሷ እንደተለየች ሴትዮዋ ጮጮዋን ተሸክማ ወደ ጣቢያው ሄዳ፣ በዚያ ፀሐይ ከተሰለፉት ሴቶች ጋር ተሰልፋ ነው ያመጣችው። ወተት ይዛ ትገባበት የነበረውን ዕቃ፣ በዚያው እጇ፣ በዚያው ሰላምታ ይዛ መጣች። እናም አማቴ ማንንም አልመለሱም፤ እሷም በባዶ እጇ አልገባችም።

ካፕሱሉን ባለቤቴ አቀበለቻቸው። ኩባያው ወደ አፋቸው ቀረበ። ሽታው ወተት፣ ክብደቱ ወተት፤ ከንፈራቸው ሲነካው ግን ያውቁታል። ስንት ዓመት ላም ሲያልቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸውን በጮጮ ማታለል አይቻልም። ይመልሱት ይሆን ብዬ ጠበቅሁ።

«ቢስሚላህ» አሉ። ጠጡ። እስከ መጨረሻው ጠጡት። ከዚያ በዚያ አገር ወተት ለሰጠ ሰው ብቻ የሚመረቀውን ምርቃት፣ አንድ ቃል ሳያጎድሉ መረቋት።

«ከብትሽ ይርባ። ግመልሽ አትንጠፍ። ልጆችሽ ወተት ይጥገቡ።»

«አሚን፣ አዮ» አለች ጎረቤቲቱ። አማቴም ባለቤቴም አለቀሱ። እኔም ከመጋረጃው ወዲህ ብቻዬን አለቀስኩ፤ የሚያየኝ ስለሌለ እንደልቤ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ጠያቂዎች ሰሙ። ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም። አንዷ በቅል፣ አንዷ በጮጮ፣ አንዷ በወተት መያዣ ቆርቆሮ ውሃ ይዘው መምጣት ጀመሩ። በዚያ ዓመት ሚኤሶ ላይ ውሃ ከወተት ያነሰ ስጦታ እንዳይመስላችሁ፤ እሱንም የሚያመጡት ከቤታቸው ጥማት ላይ ቀንሰው ነው። አማቴም ለእያንዳንዳቸው የወተቱን ምርቃት ይመርቁ ነበር። በመካከል ባለቤቴ የማሽላ አጥሚት ታቀምሳቸዋለች። እኔ ደግሞ በየጊዜው ጉንጬን ከመጋረጃው አጣብቄ አዳምጣለሁ።

ትኩሳቱ በመጀመሪያ ወደ ማታ ላይ እየቀለለ፣ በኋላ ጠዋትም እየበረደ ሄደ። አንድ ቀን «ይህን ትራስ ከፍ አድርጉልኝ» አሉ፤ ሰው ትራሱ ካልተመቸው ሊድን ነው ብዬ ተደሰትኩ። ቀጥለው ከባለቤቴ ጋር ስለ አጥሚቱ ጨው ተጣሉ። ያን ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሳቅሁ። ያ ጨው እሳት ላይ ሲንጣጣ የሚመስለው ድምፅም ከደረታቸው ቀስ በቀስ እየጠፋ ሄደ።

ካፕሱሉ ሲያልቅ እዚያው ነበርኩ። የመጨረሻዋ ከተዋጠች በኋላ፣ ቀኑ መለስ ሲል ጎረቤቲቱ መጣች። «አሰላሙ አለይኩም፤ አዮ እንዴት ዋሉ?» ጮጮዋን ይዛለች። ሲቀዳ ሰማሁት፤ ድምፁ ወፍሯል። ወተት ነበር።

አማቴ አልጠጡም። ምን ሆኑ ብዬ ጆሮዬን ሳቀና፣ ከሠርጋችን ጀምሮ አንድ ቃል ተናግረውኝ የማያውቁት ሴት፣ በሰው በኩል ሳይሆን በቀጥታ፣ በራሳቸው ድምፅ ጠሩኝ።

«ልጄ» አሉኝ። «አሁን ብጠጣው መድኃኒትህ ይቆጣብኛል?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ሥራዬም ነው። ግን ድምፄ እምቢ አለኝ። ባለቤቴ ጠብቃ ጠብቃ ገባት መሰለኝ፣ በእኔ ፈንታ መለሰችላቸው።

«አይቆጣም አዮ። ጠጪ።»

ጥቂት ተጎነጩ። ከዚያ ኩባያውን ለጎረቤታቸው መልሰው ሰጡና «ልጆችሽን ጥሪያቸው» አሏት፤ «የቀረውን እነሱ ይጨርሱት።»